ማሩ መጨረሻ ላይ ነው

«ዘርፌ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ሊያግዙ የመጡት እትዬ ብርቅነሽ ለለቅሶተኛው ውሃና ለስላሳ ሊያስገቡ የቤቱ ጋራዥ ውስጥ ያለውን ፍሪጅ ከፍተው ነበር። ያገኙትን ላስቲክ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ ማንም እንዳያይ በነጠላቸው ከልለው መጡ። ቀይ መረቅ ውስጥ የተዘፈዘፈ የአሳማ ሥጋ ነው።

የዘርፈሽዋል ባል ተገኝ የተቀበረው ገና ትናንት ነው። ሳሎኑ ከቤተ ክርስቲያን በመጡ ሰዎች ሞልቷል። ከሐዘኑ እፍረቱ ቀደማት።

«ይጣልልኝ» አለች።

እትዬ ብርቅነሽም ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ሳያልፍ አደረሱት።

ተገኝ እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ የቻይና ምግብ ቤት ሲሠራ የኖረ ወጥ ሠሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ አሳማ ሲጠብስ እየዋለ መምጣቱን ዘርፈሽዋል እንጀራ ነው ብላ ችላዋለች። ልጃቸው ፅዮን ቻይኖቹ ቻር ሲዩ የሚሉትን ያንን ጣፋጭ ጥብስ ወድዳው፣ እሱም ቤት ውስጥ ልሥራላት ሲል ግን ዘርፈሽዋል አገር ይያዝልኝ አለች። አሳማ እኔ ወጥ ቤት አይገባም፤ ቢላዋዬንም እንዳትነካ። ተገኝ ክርክር አይወድም። ትንሽ ኦቭንና የራሱን ቢላዋ ገዝቶ ጋራዥ ገባ።

እሑድ እሑድ አባትና ልጅ እዚያ ቆመው እየተሳሳቁ ይበላሉ። እሷ ወጥ ቤት፣ በጋራዡ በር አጠገብ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች።

ፅዮን ኮሌጅ ስትሄድ ተገኝ ብቻውን ቀረ። አንድ ክረምት በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ዘርፌ፣ አትቅመሽ። እየበላሁ አጫውቺኝ ብቻ» አላት።

«ስትጨርስ እጅህን ታጠብና ና፤ እንጫወታለን።»

ታጥቦ መጣ። ሁለተኛ ግን አልጠየቃትም።

ሥጋው በተጣለ ማግስት ፅዮን ከጋራዥ ወጥታ ለቅሶተኛው መሃል ቆመች።

«ማሚ፣ ሥጋው የት ሄደ?»

«የቱ ሥጋ?»

«አባቢ ማሪኔት አድርጎ የዘፈዘፈው። ስትመጪ ይደርስልሻል ብሎ ቴክስት አድርጎልኝ ነበር። ለኔ ነበር እኮ።»

እትዬ ብርቅነሽ፣ «እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ...» ብለው ጀመሩ።

«እሳቸው አይደሉም» አለች ዘርፈሽዋል። «ይጣል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ፅዮን የመኪናውን ቁልፍ አንስታ ወጣች። ለዘርፈሽዋል ልጇ ብትሰድባት በተሻላት ነበር። የባሏን የመጨረሻ የእጅ ሥራ ሰው ምን ይለኛል ብላ ጣለችው። የፈራችው ሰው ደግሞ ቡናውን ጠጥቶ ወደየቤቱ የሚሄድ ነው።

ልጅቷ አዲስ ሥጋ ይዛ ተመለሰች፤ ዘፍዝፋ አሳደረችውና በነጋታው ጠበሰችው። የነጭ ሽንኩርቱና የሶይ ሶሱ ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ ሳሎን ደረሰ። ሴቶቹ ተያዩ።

«በለቅሶ ቤት?» አለች አንዷ፣ ቀስ ብላ።

ዘርፈሽዋል ሰማቻት። ተነሥታ፣ የሚደግፏትን ትታ፣ ጋራዥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም።

ፅዮን ብሩሹን ማር ውስጥ ነክራ ልትቀባ ነበር።

«አሁን አይደለም» አለቻት። «ማሩ መጨረሻ ላይ ነው። ቀድመሽ ከቀባሽው ያርርብሻል። መጀመሪያ ገልብጪው።»

ፅዮን ዞራ አየቻት። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እሱ ሲነግርሽ እሰማ ነበር። በበሩ።»

«ታዲያ ለምን አልገባሽም?»

በሩ እንኳን ቁልፍ አልነበረውም።

አብረው ጠበቁት። ፅዮን ማሩን ቀባች፤ ዳርዳሩ ጠቆር ሲል አውጥታ ቆረጠችው። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ ሳህኑ ላይ አፈጠጠች።

«አይወርድልኝም፣ ማሚ።»

ዘርፈሽዋል እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። በሕይወቷ ነክታው የማታውቀው ሥጋ ለስላሳና ትኩስ ነበር፤ ማሩ ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ከፍ አድርጋ ልጇን አጎረሰቻት። ፅዮን እያለቀሰች አኘከች።

አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ዘርፈሽዋል ሁለተኛውን አነሣች።