የጣሪያችን እንጨት

ባሌ አሲያማ እንጨት ፊት ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል። ጣውላውን በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ያሸተዋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጠርዙ በኩል ያየዋል፤ ከዚያ መጋዙን ያነሳል። ክፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ግማሽ ደርሶ መልኩ ከታየው ለሱ አልቋል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት አንዱ መጥቶ «አሲያማ፣ እባክህ አንዲት መደርደሪያ» ካለው፣ ሜትሩን ከኪሱ እያወጣ ይከተለዋል። እምቢ ማለትን እናቱ አላስተማረችውም።

ጋና፣ ኩማሲ ከተማ ውስጥ በእናቱ ወገን ግቢ ሁለት ክፍል ይዘን ስንኖር የጀመራቸው ሥራዎች መተላለፊያ አሳጥተውን ነበር። ለእህቱ ለፖማ የጀመረላት አልጋ ራስጌው አበባ ተቀርጾበት ርብራብ አልነበረውም፤ ፖማ ፍራሿን መሬት ላይ አንጥፋ ራስጌውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትተኛለች። ለቤተ ክርስቲያን ከታዘዙት አራት አግዳሚ ወንበሮች እግር የወጣለት አንዱ ብቻ ነው። የጋራው ማድ ቤት መስኮት መቃኑ ተተክሎ መዝጊያው ስላልተሠራ ፍየል አንገቷን እያስገባች በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ኬንኪያችንን ታነሳለች። ለልጃችን ለዱፊ የተጀመረው የጥናት ጠረጴዛ ሦስት እግር አለው፤ በአራተኛው በኩል በጉልበቷ ደግፋ ትጽፋለች። አሲያማ ሁሉንም በአንድ ቀን ይነካካል። ጠዋት ራስጌውን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ረፋድ ላይ የወንበሩን እግር ይልጋል፣ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ቆሞ ያስባል።

ሰው ይስቅበት ነበር። እኔ አልሳቅሁም። እኔ ስልክ ሲጮህ ቁጭ ብዬ ነው የማነሳው፤ ቆሜ ክፉ ወሬ ከሰማሁ እወድቃለሁ ብዬ እፈራለሁ። አሲያማ መሰላል ሲወጣ ወድቆ ተሰብሮ ይታየኛል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን አጥንቱ አልነበረም። የምንተኛበት ክፍል የእናቱ ወገን ነው፤ እኛ አገር ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ወገን ስለሆነ የኔም የልጄም አይደለም። እሱ አንድ ነገር ቢሆን፣ የቀብሩ ድንኳን ሳይነቀል ድስታችን በር ላይ ተደርድሮ ይጠብቀናል። ይህን ሲሆን ያላየች ሴት እኛ አገር የለችም። ስለዚህ ከሱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በራሳችን መሬት ላይ የራሳችን ጣሪያ።

መሬቱ ነበረን። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበት የእንጨት ፋብሪካ ሲዘጋ በሰጡት ገንዘብ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከኤጂሱ ወዲያ ቦታ ገዝተን ሦስት ክፍል በብሎኬት አቆምን። ከዚያም ሶኮባን የእንጨት ገበያ ወርዶ ሰባ ሁለት ሞራሌ አመጣ። ኦዱም ነው፤ ምስጥ ጥርሱን የማያሳርፍበት እንጨት። በብሎኬት ላይ ከምሮ በሸራ ሸፈነው። በየሳምንቱ እየሄድኩ እቆጥር ነበር። ሸራውን ገልጬ፣ በጣቴ እየነካሁ፣ ሰባ ሁለት ስል ብቻ ልቤ ይመለስልኛል።

የደረቁ ወራት ሲገቡ አስማልኩት። መጽሐፍ ቅዱሱን ሦስት እግር ባለው ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ «ጣሪያው ሳይወጣ የማንም ሥራ አትነካም» አልኩት።

«አልነካም። ዝናቡ ሳይመጣ ከቆርቆሮው በታች እንተኛለን፣ የዱፊ እናት።»

ደግሞም ጀመረ። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ጥንድ ወራጅ አቆመ። ከታች ቆሜ ሳየው ሰማዩ በእንጨቱ መካከል ተከፋፍሎ ነበር፤ ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ቀን አክብሬው አላውቅም። ማክሰኞ ስልክ ጮኸ። ቁጭ ብዬ አነሳሁት።

ዎፋ ድዋሜና ማለዳ አርፈዋል። ዎፋ የእናት ወንድም ማለት ነው፤ እሳቸው የአሲያማ አጎትና የወገኑ ራስ ነበሩ።

እንደ አገራችን ልማድ ቀብሩ እስኪደገስ ድረስ ሬሳው ማቀዝቀዣ ገባ፤ ወገኑም ተሰበሰበ። የወንድ ሚስት በዚያ ስብሰባ ላይ አፍ የላትም፤ ወንበር አቀብላ ከኋላ ትቆማለች። በዎፋ ቦታ ይቀመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ቦአቼ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ሥጋ ቤት ስላለው ድምፁ እንደ መጥረቢያ ነው።

«ዎፋን ወደዚህ ቤት ነው የምናመጣው? ይሄ እኮ የአይጥ መንደር ነው። የአክራ ሰው መጥቶ ቀና ቢል ምን ያያል?»

«ውርደታችንን ያያል» አለች ፖማ።

«እሳቸው እንደሆነ ካሉበት አይቸኩሉም» አለ ቦአቼ። « ቤቱ እስኪሠራ ይቆዩ። ስንት ወር ይበቃል?»

ሁሉም ወደ ባሌ ዞሩ። በዚያ ወገን እንጨት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ዓይኑን አየሁት፤ ጣውላ ሲያሸት እንደሚሆነው ሆኗል።

«ሦስት ወር» አለ። «አዲስ በረንዳ፣ የሁሉም ክፍል ኮርኒስ፣ ስምንት በር። አንድ ላይ እጀምራቸዋለሁ።»

«እንጨቱስ?» አለ ቦአቼ።

ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ። ፖማ «ውሃ ስጧት» አለች።

«እንጨት አለ» አለ አሲያማ።

በማግስቱ ከነሱ ቀድሜ ኤጂሱ ሄጄ የእንጨቱ ቁልል ላይ ተቀመጥኩ። መኪናው ሲደርስ አሲያማ ከፊት ወረደ፤ ከኋላው ፖማ፣ ጥቁሯን ለብሳ።

«ተነሺ፣ የዱፊ እናት። ሃያ ብቻ ነው የምወስደው።»

«ማለህልኛል።»

«ዎፋ እኮ ናቸው! ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ወገኑ እንጨት በእንጨት ይተካልኛል፤ ቦአቼ ራሱ ነግሮኛል።»

«በምን ወረቀት?»

«ለወገን ደግሞ ወረቀት!» አለች ፖማ። «ሴዋ፣ አታፍሪም? ከሬሳ ጋር እንጨት ትሻሚያለሽ?»

«ሬሳው በላዩ ጣሪያ አለው። እኔ ነኝ የሌለኝ።»

«ስሙ! ዎፋ ናቸው እንግዲህ ሁለት ክፍል ሰጥተው ያኖሯት! ተቀመጪ ግዴለም፤ አንቺ እንጨት ስትጠብቂ ወንድሜ በሰው ፊት አንገቱን ይድፋ።»

ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «እናቴ፣ ከነመቀመጫሽ ልጫንሽ ወይስ ትወርጃለሽ?»

ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። አሲያማ እንዲያ በልመና ሲያየኝ አልወድም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሃያ ጫኑ። በሁለተኛው ሳምንት ሠላሳ። በሦስተኛው ጊዜ እኔን አልጠሩኝም። ብቻዬን ሄጄ ሳይ ሸራው በሥርዓት ተጣጥፎ ብሎኬቱ ላይ ተቀምጧል፤ ያቆማቸው ሦስት ጥንድ ወራጆችም ወርደዋል። ሚስማሮቹን እንኳ ነቅሎ ወስዷል።

ያን ሦስት ወር አሲያማ ደስተኛ ነበር። ስምንቱን በር ባንድ ጊዜ ከማጠፊያቸው ፈታቸው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በጨርቅ መጋረጃ ተኛ። የበረንዳው ምሰሶ ሁለቱ ቆመው ሁለቱ ሳይቆሙ ኮርኒስ መምታት ጀመረ፤ ኮርኒሱ ሳያልቅ የእንግዶች አግዳሚ ያዘ። የቀብሩ ቀን ሲቃረብ ቦአቼ ሁለት ጨራሽ አናጢዎች አምጥቶ እሱ የጀመረውን አስጨረሰ። እውነቱን ልናገር፣ ቤቱ አምሮ ነበር። በረንዳው በቫርኒሽ እንደ ማር ያበራል።

ቅዳሜ ዎፋ ድዋሜና በዚያ በረንዳ አልፈው ገቡ፤ እሑድ በዚያው ወጡ። ጥቁርና ቀይ የለበሰ ሰው ግቢውን ሞላው። የአክራዎቹ ምሰሶውን እየዳበሱ «ይሄ ሁሉ ኦዱም ነው? እናንተስ ሀብታም ወገን ናችሁ» ይላሉ። ቦአቼ «ለዎፋችን ምን እንሰስታለን?» ይላል። እኔ ውሃ አዟዙር ነበር። አንገቴን ቀና ባደረግኩ ቁጥር የመኝታ ቤቴ ወራጅ፣ የዱፊ ክፍል ወራጅ፣ የሳሎናችን ወራጅ በላዬ ናቸው።

ሰኞ የለቅሶተኛው መዋጮና ወጪው ሲተሳሰብ እዳ እንጂ ትርፍ አልተገኘም ተባለ። ስለ እንጨቱ ማንም አላነሳም። አሲያማን «ጠይቃቸው» አልኩት። «ሐዘኑ ይውጣላቸው» አለኝ። ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። በአዲሱ ኮርኒስ ሥር ጋደም ብዬ ስሰማው ኤጂሱ ያለው ግድግዳችን ከላይ ወደ ውስጥ ውሃ ሲጠጣ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ቦአቼ አስጠራን። በዎፋ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በዚህ ጊዜ እኔንም ጠሩኝ፤ ነገሩ በኛ ላይ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

«አሲያማ፣ ወገኑ ያመሰግንሃል» አለ። «ቤቱን ቤት አድርገኸዋል። እንግዲህ የወገን ራስ ከጓሮ አይኖርም። የፊት ሁለቱ ክፍሎች ለኔ ይሆናሉ ተብሏል።»

የፊት ሁለቱ ክፍሎች የኛ ናቸው።

አሲያማ የወንበሩን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ። እኔ ግን «እኛስ?» አልኩ።

«እናንተማ ኤጂሱ ቤት አላችሁ። ከዚህ ግቢ ሌላ ቤት ያለው ማን አለ? እናንተ ብቻ።»

«ጣሪያ የለውም።»

ቦአቼ ሳቀ፤ በክፋት እንኳ አልነበረም። «ይሄን ሁሉ የከደነ ሰው ሦስት ክፍል ያቅተዋል?»

«እንጨቱ እዚህ ላይ ነው!» እጄን ወደ ላይ ቀሰርኩ። «ያውላችሁ። በረንዳው፣ በሮቹ፣ እዚህም በላይህ። እንተካለን ብላችኋል። ካልተካችሁ ነቅለን እንወስደዋለን።»

ፖማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቦአቼ መሳቁን ተወ።

«የሟች በረንዳ ይነቀላል? ሚስማር የተመታበት እንጨት የቤቱ ነው፣ እመቤት። ባልሽ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አታውቅም፣ አሲያማ?»

«አውቃለሁ» አለ ባሌ።

ያውቅ ነበር። እየመታ ያውቅ ነበር። ሰው የራሱን ቤት በሰው ቤት ላይ ሰባ ሁለት ጊዜ ሲመታ ምን ይዘፍናል? የሱን ግን ሰምቻለሁ፤ መዝሙር ነበር የሚዘምረው።

ቅዳሜ የጭነት መኪና መጣ። ምን ምን እንደምንጭን ጥያቄ አልነበረም፤ ያለቀ ዕቃ ጥቂት ነው። ዱፊ ጠረጴዛዋን አቅፋ ወጣች። እኔ ፍራሹ ላይ ሸራ እያሰርኩ ሳለ ቦአቼ ከመኝታ ቤታችን በር ላይ ሆኖ ተጣራ።

«አሲያማ! ይሄ በር ከታች ይፋተጋል፤ ጨራሾቹ ረስተውት ሄደዋል። ከመሄድህ በፊት ብታየው?»

አሲያማ የመሣሪያ ሳጥኑን ከመኪናው መልሶ አወረደ። በሩን ከማጠፊያው ፈታው፣ አጋደመው፣ ከታች ላገው፣ ሞከረው፣ እንደገና ላገው። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። አሲያማ ጠርዙን በጣቱ ዳብሶ በሩን መለሰና ዘጋው። ምንም ድምፅ አላሰማም።

«እንዴት ያለ እጅ ነው!» አለ ቦአቼ ከውስጥ።

መኪናው ግቢውን ለቆ ወጣ። ከዚያ አሲያማ «ኤጂሱ አንዱን ክፍል በሸራ እንሸፍናለን። እስክንጀምር ድረስ» አለ።

«ልጄን በዚህ ዝናብ ሸራ ሥር አላስተኛም። ማምፖንግ፣ ወንድሜ ጋ እንወርዳለን» አልኩት። ይህን ቃል መናገርን ነበር አሥራ ስድስት ዓመት የፈራሁት። ባል አግብታ የሄደች ሴት፣ ልጅና ፍራሽ ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት ስትመለስ፣ አቀባበሉ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ የምትተኛበት ጥግ የሰው ጥግ ነው።

ወንድሜ አንቶ በር ላይ ወጥቶ መኪናውን አየ፤ ከዚያ ጭነቱን፣ ከዚያ እኔን። «ግቡ እንጂ» አለ ቆይቶ። ሚስቱ ኮናዱ ከኋላው ቆማ ፍራሹን በዓይኗ እየለካች ነበር።

«ለስንት ጊዜ ነው፣ ሴዋ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

መልስ ሳልሰጣት አሲያማ ገባ። ጫማውን አውልቆ፣ አማቾቹን ሰላም ብሎ፣ ቀና አለ።

«አንቶ፣ ይሄ ኮርኒስ እኮ ሊወድቅ ነው። አየኸው ሆዱን? ሁለት ጣውላ ይበቃዋል።»

የኮናዱ ፊት ተፈታ። «እውነትህን ነው? እኔ ሁሌ እነግረዋለሁ! የማድ ቤቱም በር...»

«እሱንም ባንድ ላይ አያዋለሁ።»

«የልጆቹ አልጋ ደግሞ...»

«አልጋ ቀላል ነው» አለ ባሌ፣ ሜትሩን እያወጣ። በመስኮት በኩል ለሾፌሩ ጮኸለት። «ወንድም፣ ያን የመሣሪያ ሳጥን ቀድመህ አውርድልኝ!»

ወጣሁ። ሾፌሩ ሳጥኑን አቅፎ ከመኪናው ጫፍ ላይ ነበር።

«ፍራሹንና ጠረጴዛውን አውርድ» አልኩት። «ሳጥኑን መልሰው።»

«አባወራው አውርድ ብሎኛል።»

«የሱ ዕቃ ወደ ኤጂሱ ነው የሚሄደው። እሱንም ይዘኸው ትሄዳለህ።»

ሾፌሩ ሳጥኑን እንዳቀፈ አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን ያያል። አሲያማ ሜትሩ በእጁ እንደተዘረጋ በሩ ላይ ደርሶ ሰምቶኛል። ዝናቡ ትከሻው ላይ ይወርዳል።

«ሴዋ» አለኝ፤ «እዚያ እኮ ጣሪያ የለም።»

«አውቃለሁ» አልኩት።