አሥራ አንዱ ድምፅ

ዶሪን ኮስኮ በዚያች ትንሽ የፔንሲልቬኒያ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ሥነ ዜጋና ታሪክ አስተምራለች። ዘንድሮ የትምህርት ቦርዱ "የሥነ ዜጋ ትምህርት ይቅር" እና "አይቀርም" በሚሉ አባላት እኩል ለእኩል ተከፈለ። ነገሩን የሚቆርጠው በኖቬምበሩ ምርጫ ባዶዋን ወንበር የሚይዘው ሰው ነበር። "ይቅር" ባዩ ካሸነፈ ሰዓቱ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሰጣል፤ ዶሪንም ወደ ቤቷ።

አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው አሥራ አንድ ተማሪዎቿ ግን እሺ አላሉም። በየደጃፉ ሣር ላይ "አይቀርም" የሚለውን ዕጩ ምረጡ የሚል ሰሌዳ ሲተክሉ፣ ቪዲዮ ሲለቁ ከረሙ። የምርጫው ዕለት ከትምህርት እንደወጡ በሁለት ፒክአፕ ተጭነው እየጮሁ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሲሄዱ ዶሪን አንጀቷ ራሰ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ።

"ስማችን የለም አሉን፣ ቲቸር" አለ ዳልተን።

"የማናችሁ?"

"የሁላችንም። መዝገቡን የያዙት ሽማግሌ ሦስቴ አገላበጡልን። የምዝገባ ቅጹን ሞልቼ አስገብቻለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ!"

"ለማን ነው ያስገባኸው?"

"ለእርስዎ ነዋ!"

ዶሪን ክው አለች። ሴፕቴምበር ላይ ለልምምድ ብላ የመራጮች መመዝገቢያ ቅጽ አስሞልታቸው ነበር። እውነተኛውን ቅጽ ቤታችሁ ሞልታችሁ ላኩ ብላለች፤ ያለችው ግን ደወሉ እየጮኸ፣ እነሱም ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በር ላይ ሲጋፉ ነው። ምዝገባው ከተዘጋ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

"አሥር ከአሥር ሰጥተውኝ የለ እንዴ?" አለ ዳልተን ግራ ገብቶት።

"አንተስ አሥር አግኝተህ ነው" አለችው ማኬና። "እኔ በስድስት ነበር ልመርጥ የሄድኩት!"

ልጆቹ ሳቁ። ዶሪን ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

"አይቀርም" ባዩ ዕጩ በዘጠኝ ድምፅ ተሸነፈ። ዶሪን ማልቀስ እንኳ አቃታት። ማንን ትውቀስ? ያስተማረቻቸው እሷው ናት።

በማግስቱ እውነተኛውን ቅጽ አደለቻቸው። "ይኼን እናንተው ራሳችሁ ናችሁ የምትልኩት፤ ለእኔ እንዳትሰጡኝ።"

ዳልተን ስሙን ጽፎ ቀና አለ። "ያቺ ወንበር እንደገና ለምርጫ የምትቀርበው መቼ ነው?"

"ከአራት ዓመት በኋላ።"

"ውይ! ያኔ ታዲያ እንድንመርጥ ማን ያስታውሰናል፣ ቲቸር?"