ስሙን የሳተ ኑዛዜ

ሰው በሕይወተ ሥጋ ሳለ ብዙ ይናገራል፣ የተናገረውንም ብዙ ጊዜ ያርማል፤ ከቃሉ ሁሉ የሚከበረውና የሚፈራው ግን ዳግመኛ ሊያርመው የማይቻለው የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህም አበው ኑዛዜን በካህን ፊት ተናግረው፣ በምስክር አጽንተው፣ እንደ ማኅተም ዘግተው ወደ መቃብር ወረዱ። ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ክቡርና ምስጢር የሆነ ነገር ሲያረክስ የሚገኘው ባዕድ አይደለም፣ ከሟቹ ጋር በአንድ ገበታ የበላ ዘመድ ነው፤ በሬሳ ላይ የሚያደባ ጅብ እንኳ ሬሳው ቃል እንዲሰጥለት አይጠብቅም።

ለወይዘሮ እማዋይሽ የባለቤቷ የብላታ እንግዳወርቅ መርዶ የደረሳት በጥቅምት ወር፣ ጠሉ ከጌሾው ቅጠል ሳይረግፍ በማለዳ ነበር። ብላታ ለቁርጥማታቸው ፈውስ ሽተው፣ በአባት ብቻ የሚገናኛቸውንና በሌላ አገር ያደገውን ታናሽ ወንድማቸውን ባሻ ደርሰህን አስከትለው፣ የአራት ቀን መንገድ ተጉዘው ወደ ፍልውሃ ወርደው ሳለ፣ ያው ባሻ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከፊት አስቀድሞ፣ በደጃፏ ቆሞ ተገኘ። «እትዬ፣ ወንድሜን እዚያው ቀብሬው መጣሁ» አለ፤ እርሷም የሰማችው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ወዲያው ከመሬት ተደፋች። ኋላ በብዙ ለቅሶ መካከል ከልቧ አልፋቅ ያላት ግን ሌላ ነው፤ ቀና ባለች ጊዜ የባሻ ዓይን በእርሷ ላይ አልነበረም፤ ከደፉ ላይ ሆኖ የቤቱን ምሰሶና ማገር፣ ከዚያም ወዲያ የጓሮውን ጌሾ በዝግታ ይቃኝ ነበር። መርዶው በተነገረ በሠልስቱም ቀን ከለቀስተኛው ሁሉ አብልጦ በላ፤ የበጉ ስብ ከጣቶቹ ወደ ክርኑ በወረደ ጊዜ ውኃ እስኪያቀርቡለት መታገሥ አቅቶት፣ ከግድግዳው ላይ በተሰቀለው በሟቹ ካባ እጁን ጠረገ፤ ጠርጎም «ወንድሜ ቃል ሳይተው አልሞተም፤ ወረቀቱ በእጄ ነው፣ በአርባው ይነበባል» አለ። እማዋይሽ ያን ካባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንዳይነካውና እንዳያጥበው አዘዘች።

አርባው ደረሰ፤ ተዝካሩ ወጣ። በቀትር፣ ከዳሱ ሥር ሽማግሌው ሁሉ በየማዕረጉ ከተቀመጠ በኋላ፣ የሁለቱ ባልና ሚስት የነፍስ አባት የሆኑት መምሬ አድማሱ ወረቀቱን ከባሻ እጅ ተቀብለው ማንበብ ጀመሩ፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ እኔ ስመ ጥምቀቴ ወልደ ሚካኤል የሆነው ብላታ እንግዳወርቅ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ቤቴንና የጌሾ ተክሌን ለወንድሜ ለባሻ ደርሰህ ሰጥቻለሁ፤ ባለቤቴም እስክትሞት ድረስ በምድር ቤቱ ትቀመጥ።» ከስሙ ላይ በደረሱ ጊዜ የመምሬ ድምፅ ለአንዲት ቅጽበት ተሰናከለ፤ ወዲያው ግን በሰው ድግስ ላይ ከጠላው ጋር የገባ ዝንብ እንደሚውጥ እንግዳ ጉሮሮአቸውን ጠርገው አለፉት። ያን መዋጥ ያስተዋለች እማዋይሽ ብቻ ነበረች። የክርስትና ስም በአደባባይ አይጠራምና ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሰው ሲሞት ግን ካህኑ ነፍሱን የሚፈታው በእርሱ ብቻ ነው። እርሷና ብላታ በቁርባን የተጋቡ ነበሩና የባሏን ስም በሥርዓተ ተክሊሉ ሲጠራ በጆሮዋ ሰምታለች፤ ስሙም ክንፈ ገብርኤል ነው። ባሻ የአባታቸው ቤት ዝክር ሚካኤል መሆኑን ቆጥሮ፣ ወንድሙም ከዚህ አይወጣም ብሎ ገምቶ ነበር፤ መምሬ ግን በዚያው ዕለት ጧት፣ ባሻ በሬውን ሲያሳርድ እርሳቸው በቤተ መቅደስ ቆመው፣ ክንፈ ገብርኤል ብለው ጠርተውት ነበር።

«ባሻ፣» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «በቀብሩ ዕለት ፍትሐቱ በማን ስም ደረሰ?»

«በማን ስም ይሆናል እትዬ? በክርስትና ስሙ፣ በወልደ ሚካኤል ነዋ! ለዚያው አገር ካህናት ከፍዬ አርባውን ቀን ሙሉ አስፈትቼለታለሁ፤ ወንድሜን አላሳፈርሁም።»

«መምሬ፣ እርስዎስ ዛሬ ጧት ማን ብለው ጠሩት?»

መምሬ የመስቀላቸውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው እያሻሹ «እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ያነበቡትን አልጠየቅሁዎትም፤ የጠሩትን ነው።»

«ክንፈ ገብርኤል» አሉ መምሬ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«እንግዲህ ስም ነው!» ብሎ ባሻ ከመቀመጫው ተነሣ። «ሰውዬው ያው አንድ ሰው! እግዜር አያውቀውም?»

«እግዜርማ ያውቀዋል ባሻ፤ ያላወቅኸው አንተ ነህ» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሽበታቸው ደረታቸውን የሸፈነው ቀኛዝማች ውብነህ፤ ዳሱም በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ሻሩት፣ ቤቱንም ለሚስቲቱ አጸኑላት። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ ቤቱ እንደ ተመለሰላት እንኳ ያን ጊዜ አላሰበችም፤ በባዕድ ምድር የተኛ ባሏ አርባ ቀን ሙሉ ደጁ ሲንኳኳ፣ የሚጠራው ግን ሌላ፣ በዓለም ያልነበረ ሰው ሆኖበት ታያት።

በሳምንቱ ባሻ፣ ኀፍረት የሌለው ፍጡር፣ አንድ ቅል ማር ይዞ ከመምሬ ጋር ከቤቷ መጣ። «እትዬ፣ ልጅ የለዎት፤ ነገ ዘመድ እንዳይጣላ ዛሬውኑ ይናዘዙ፤ እኔ እንደሆነ ምስክር አላጣም» አለ።

«ምስክር እንደማታጣስ አይቻለሁ» አለች።

መምሬ ግን ቃላቸውን አለስልሰው፣ «በጤና መናዘዝ ሞትን መጥራት ነው፣ ልጄ፤ ደግም አይደለ። ደዌ ሲጸና እኔው እመጣለሁ፤ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ» አሉ። ልማዱ እውነትም ይኸው ነበር፤ እናቷም አያቷም እንዲሁ በካህን ጆሮ አንሾካሽከው አልፈዋል። እማዋይሽ ግን ያን ጆሮ ተመለከተች፤ ምላስ ሲደክምና ዓይን ሲፈዝ ወደ አፏ የሚጠጋውን ያን ጆሮ፣ ከእርሱም ጋር በአልጋዋ ግርጌ የሚቆመውን ያን በስብ የወዛ እጅ አሰበች፤ ከሞት ይልቅ በሞት ጊዜ የሚከቧት ሰዎች አጸየፏት። ለሌላ ጸሐፊ ብትነግርም የሌላ ሰው እጅ ነው። አባቷ ዳዊት ሲያስደግማት ፊደል አስቆጥሯት ነበርና፣ ልታደርገው የሚገባት ያን ጊዜ ተገለጠላት፤ እንግዶቿን ከነማራቸው ሸኝታ፣ ቀለሟን በጥብጣ፣ በገዛ እጇ ጻፈች።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጤናዋ፣ በእግሯ ቆማ፣ በደጀ ሰላም ቀኛዝማች ውብነህንና ሌሎች ሦስት ምስክሮችን አቁማ አነበበችው። ሴቶቹ «ኧረ በስመ አብ! ሞቷን ጠራችው!» እያሉ አማተቡ፤ እርሷ ግን ቀጠለች፤ «እኔ ስመ ጥምቀቴ ወለተ ሐና የሆነው እማዋይሽ፣ ስመ ጥምቀቱ ክንፈ ገብርኤል የሆነው የብላታ እንግዳወርቅ ሚስት፣ ቤቴንና የጌሾ ተክሌን ሠላሳ ዓመት ላገለገለችን ለዘነበች ሰጥቻለሁ፤ በየዓመቱ በታኅሣሥ ገብርኤል ዝክር አውጥታ የባለቤቴን ስም፣ ይህንኑ ስም፣ ታስጠራ። ለባሻ ደርሰህ ደግሞ የወንድሙን ካባ ሰጥቻለሁ፤ ከእጁ የጠረገው ስብ እንዳለ ነው፣ አልታጠበም።» አንብባ ስትጨርስ ማንም አልሳቀም፤ ባሻም ከሕዝቡ መካከል ዓይኑን ወደ ገዛ እጁ ጥሎ ወጣ።

አንተም ይህን ያነበብህ፣ በመቃብሩ ላይ አርባ ቀን በሐሰት ስም የተጮኸበትን ያን ደግ ሰው በጸሎትህ አስበው፤ ስታስበውም አትሳት፣ ነፍሰ ክንፈ ገብርኤልን ማር ብለህ ጥራ፤ ቤት ጌታውን ቢለውጥ ያው ቤት ነውና፣ ስሙን የተነጠቀ ሙት ግን ዳግመኛ ይሞታል።