ብቸኛው የማዶኛ ተማሪ

የምዝገባ ሳምንት በመጣ ቁጥር የማዶኛዋ መምህርት ከዘጠኝ ቁጥር ክፍል ደጃፍ ወንበሯን አውጥታ ትቀመጥና ሰልፉን ትታዘባለች። ሰልፉ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ሁሉም የተሰለፈው ለሁለት ቋንቋዎች ነው። አንዱ ቪዛ ያስገኛል ይባላል፣ ሌላው ሥራ። በእነዚህ ቋንቋዎች ምን እንደሚወራ የጠየቀ ሰው ግን ሰምታ አታውቅም። የሚጠይቁት «ሰርተፊኬቱ ማኅተም አለው ወይ?» ብለው ነው።

«የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጡ ነው የሚመስሉት» ትላለች ለራሷ። «አደራ፣ ሻንጣችሁን እንዳትረሱ።»

ማዶኛ የትም አያደርስም። የሚናገሩት ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ወደ ከተማው የሚመጡት አንሶላ ሊያጥቡ፣ ጡብ ሊሸከሙ፣ የሰው ልጅ ሊያዝሉ ነው። ቋንቋው የራሱ ስም አለው፤ ከተማው ግን ስሙን መጠየቅ ስለከበደው ማዶኛ ብሎት ተገላገለ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ተማሪ አግኝታለች። የመጀመሪያው በሩን ተሳስቶ የገባ ነው፤ ለመውጣት አፍሮ ሁለት ሳምንት ተማረ። ሁለተኛው የማዶ ልጅ ወዶ ነበር፤ ልጅቷ ሌላ ስታገባ ደብተሩን ትቶላት ሄደ። ሦስተኛዋ የመጣችው ክፍሉ ፀሐይ ስለሚገባው ነው።

እሷ ራሷ ቋንቋውን የተማረችው ከአማቷ ነው። ባሏ ሲሞት እናቱ እቤቷ ቀሩ። ሴትዮዋ ከማዶኛ በቀር ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ ወይ መነጋገር ነበረባቸው ወይ መተናነቅ። በዐሥራ ሁለት ዓመት በሁለቱም ተክነዋል።

በዚህ ምዝገባ ዳይሬክተሩ መጥቶ በሩን ተደገፈ። «መምህርት፣ እስከ ዓርብ አንድ ተማሪ ካልተገኘ፣ ዘጠኝ ቁጥር የኮምፒውተር ክፍል ይሆናል። መቼም እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ።»

«ለኮምፒውተሮቹ ነው የማዝነው» አለችው። «ጎረቤታቸው እርስዎ ሊሆኑ ነው።»

ሐሙስ ዕለት የልብስ ማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ መጣ። የከተማውን ሆቴሎችና ሆስፒታሎች አንሶላ የሚያጥበው ትልቁ ድርጅት የሚተዳደረው በእሱ ነው። ጫማው ያብለጨልጫል፤ ከቀበቶው የተንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ በተራመደ ቁጥር ይንቃጨላል።

«ማዶኛ ለመማር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ምን ለማድረግ?»

«ለመስማት ብቻ። መናገሩ አያስፈልገኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሠላሳ ሴቶች አሉኝ፣ ሁሉም ከማዶ። ስገባ ዝም ይላሉ፣ ስወጣ መንሾካሾክ ነው። እየሰደቡኝ ነው። ምን ብለው እንደሚሰድቡኝ ማወቅ አለብኝ።»

መምህርቷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ለዚህ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት? አለች በሆዷ። ልታባርረው አፏን ስትከፍት ግን ዳይሬክተሩ የምዝገባ ቅጹን ይዞ ከኋላው ደርሶ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያው ቀን የጠየቀው ስድብ ነው። ትዕዛዝ አይደለም፣ ሰላምታ አይደለም፣ ስድብ በዝርዝር። የእሷ የስድብ ዕውቀት ስላልበቃው ለአማቷ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ፊታቸው በራ።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ አለቃ፣ እማማ።»

«ወፍራም ነው ቀጭን?»

«መካከለኛ ነው።»

«ለመካከለኛ አይቸግርም» አሉና እራቱ እስኪቀዘቅዝ አዘነቡላት።

ሁለት ወር ተማረ። ምላሱ እንጨት ነው፤ አንድ ቃል ከአፉ ሲወጣ የሚወለድ ይመስል ያምጣል። ጆሮው ግን የሚገርም ነበር፤ የተጠራጣሪ ሰው ጆሮ ነዋ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አኩርፎ መጣና ደብተሩን ወረወረው።

«አርባ ሦስት ስድብ አጥንቼ አንዷንም አልሰማሁ!»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ስለ ጉልበታቸው። ስለ ቤት አከራያቸው። የአንዷ ልጅ ሒሳብ ወድቃለች፤ ሳምንቱን ሙሉ የዚያች ልጅ ሒሳብ!»

«ስለ እርስዎስ?»

«ምንም» አለና እንደተበደለ ሰው አንገቱን ደፋ።

ሳቋን በስንት መከራ ዋጠችው። ሐሜተኛ ሊይዝ የመጣ ሰው፣ ለሐሜት እንኳ እንደማይበቃ ሲያውቅ ሆዱ ባሰው።

«አንዲት ነገር ግን አለች» አለ ቀና ብሎ። «‹ጉሮሮው ታንቋል፤ አንድ ቀን ይተፋዋል፤ ያን ቀን አጠገቡ አያስገኘን።› ይቺን በየቀኑ ይሏታል። ይኼ እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ ስለምናገር ነው።»

«የት ሆነው ነው የሚሉት?»

«ቦይለሩ ክፍል ሲገቡ፤ ውሃ አፍልተን እንፋሎት የምናወጣበት።»

ጠመኔውን አስቀመጠች። «የእርስዎ ጉሮሮ ታንቆ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«እንግዲያው ቦይለሩ ነዋ! ሊፈነዳ ነው፣ ይነሡ!»

«አሁን? ግማሽ ሰዓት ይቀረኛል እኮ» አለ፤ እሷ ግን ነጠላዋን አንሥታ ወጥታለች።

ማጠቢያው ውስጥ ወለሉ ረጥቧል፤ በእንፋሎቱ መሀል ነጭ አንሶላ በየገመዱ ተሰቅሏል። ቦይለሩን የምትጠብቀው አጭር ሴት ናት፤ ክንዷ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። መምህርቷ በማዶኛ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አዳመጠች፣ ቃኘቻት፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዙራ በከተማው ቋንቋ መለሰች።

«አምስት ወር። ላይ ያለው ቧንቧ አይተነፍስም። እኔ ነገርኩ።»

«ለማን?» ብሎ ዘለለ።

«ለአንተ። በአንተ ቋንቋ። ‹ቦይለር መተንፈስ እምቢ› አልኩ። አንተ ሳቅ። ሾፌር ጠራህ፣ ‹ድገሚው› አልክ። ደገምኩ። ሾፌርም ሳቅ።»

ሥራ አስኪያጁ አስታወሰ። ያን ቀን ማታ ገበታ ላይ አነጋገሯን አስመስሎ አውርቶት ነበር። ሚስቱ እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች፤ ልጆቹ ጉንፋን ሲይዛቸው «አፍንጫ መተንፈስ እምቢ» እያሉ ስንት ሳምንት ቤቱን አሙቀውታል።

እሳቱ ጠፋ፣ መካኒኩ ተጠራ። ቦይለሩ ከበረደ በኋላ ከላይ ያለውን የማስተንፈሻ ቧንቧ ፈታው። የውሃው ዝቃጭ ውስጡን ግጥም አድርጎ ደፍኖታል፤ በመዶሻ ቢመታው እንደ ድንጋይ ጮኸ። መካኒኩ ከቀዘቀዘው ቦይለር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ግንባሩን ጠረገና ወደ ሴቶቹ ዞሮ አንድ በአንድ አያቸው።

«ታዲያ ለምን በትክክል አልነገረችኝም?» አለ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ።

«በትክክል ነው የነገረችዎት» አለች መምህርቷ። «አልተነፍስ ያለ ነገር ሌላ ምን ይባላል? ሾፌሩ ትርጉም ያስፈለገው አይመስለኝም፤ ለመሳቅ ገብቶታል።»

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ዳይሬክተሩ ፎቶዋን በትልቁ አሳትሞ «ማዶኛ ይማሩ፣ ሕይወት ያድኑ» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ሰቀለ። ቀጣዩ ምዝገባ ሲከፈት አምስት ሰዎች መጡ። ቪዛ ያስገኝ እንደሆነ ጠየቁ፤ አያስገኝም ሲባሉ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ ወደ ረጅሙ ሰልፍ ተሻገሩ። ሥራ አስኪያጁም ትምህርቱን አቋርጦ ስለነበር፣ ዘጠኝ ቁጥር ኮምፒውተር ገባለት።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ቤቷ ድረስ መጣ። በሳምንት ሦስት ቀን ማጠቢያው ውስጥ እየተቀመጠች፣ ሴቶቹ ያሉትን እንድትነግረው ፈለገ።

«ጆሮዬን አላከራይም» አለችው። «መማር ከፈለጉ አስተማሪዋ እዚያው አለችልዎት።»

«የቦይለር ሠራተኛ እኔን ታስተምር?»

«እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያስተማርኩዎት ስድብ ነው። ከእኔ አትብስም።»

ተቁነጠነጠ፣ ቁልፎቹን አቃጨለ። በመጨረሻ ግን እሺ አለ፤ ሆስፒታሎቹ ስለ ቦይለሩ መጠየቅ ጀምረው ነበርና።

ትምህርቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በመተኮሻው ክፍል፣ በታጠፈ አንሶላ ክምር መሀል ተጀመረ። አግዳሚው ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ መካኒኩና ሾፌሩ ተቀመጡ። የቦይለሯ ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ በተሳሳተ ቁጥር ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታና «ድገም!» ትለዋለች። ደገመ። ሾፌሩም ደገመ። መምህርቷ ከኋላ ተቀምጣ እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም።

«መምህርት፣ እስቲ የዛሬውን ዐረፍተ ነገር እርስዎ ይበሉላቸው» አለቻት ሴትዮዋ በማዶኛ።

መምህርቷ ተነሥታ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር በኩራት አንቆረቆረችው። ከአንሶላ ተኳሾቹ ሴቶች አንዷ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«መምህርት» አለች የቦይለሯ ሴት በትሕትና፣ «ይኼ የአያቴ አያት አነጋገር ነው። ዛሬ እንዲህ የሚል የለም። ይድገሙት።»

መምህርቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት! ከቆመችበት ለመውጣት አሰበች፤ ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ዞሮ በጉጉት እያያት ነበር፤ ያን ደስታ ለእሱ አትሰጠውም። ደገመችው። ትምህርቱ እስኪያልቅ ዐሥራ አንድ እርማት ጻፈች።

እቤት ስትገባ ለአማቷ ነገረቻቸው።

«እነዚያ ቅሪላዎች!» አሉ አሮጊቷ። «ከአንሶላው ጋር ቋንቋውን አጥበው አነጡት! አፍ አላቸው? ይኼ አሁን አፍ ነው?»

«አዎ፣ እማማ» እያለች ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ገልጣ እርማቶቹን ታጠና ጀመር።

«ምንድነው የምትጽፊው?»

«ምንም» አለች፤ ቃሉ ግን በአዲሱ አነጋገር አመለጣት።

አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እስከ ማግስቱም አላናገሯትም።