ሁለቴ ክላክስ

ፎርክሊፍት ነጂው ያን ቀን የሠርጉን ኮት ለብሶ ነበር። ለምን አይለብስ? ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳና ሲያወርድ ኖሮ፣ ሥራ አስኪያጁ «ጋሼ፣ የመጋዘን መሣሪያዎች ትርኢት ተከፍቷል፤ የምንገዛውን ማሽን እርስዎ አይተው ይፍረዱ» ብሎታል።

ሚስቱንም ይዟት ሄደ። እሷ የዚያው መጋዘን ሠራተኛ ናት፤ ከመጨረሻው ረድፍ ጥግ ተቀምጣ ካርቶን ላይ አድራሻ ትለጥፋለች። እሱ በዚያ ጥግ በታጠፈ ቁጥር ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፣ እሷ ቀና እንኳ ሳትል እጇን ታነሳለታለች። እውነቱን ለመናገር እቤት ይህን ያህል አይነጋገሩም።

«ወንበሩን አደራ» አለችው አዳራሹ በር ላይ፣ «ወገብህ እንደሆነ ዘንድሮ አልሆነም።»

«እስከ ጡረታ የምነዳው እኮ ነው! አማርጬ ነው የማስገዛቸው።»

ውስጥ ይጠብቃቸው የነበረው ሥራ አስኪያጅ ወደ አንድ ማሳያ ወሰዳቸው። መደርደሪያ ተደርድሮ ልክ እንደ መጋዘን ተሠርቷል። ማሽኑ ብቅ ሲል ሁለቱም ክው አሉ። ወንበር የለው፣ መሪ የለው፣ ሰው የለው።

የብረት ሹካውን ከጭነቱ ሥር አስገባ። ስንዝር ያህል አነሳና ቆመ፤ ጭነቱ እስኪረጋ ጠብቆ ሽቅብ ወሰደው። ነጂው አንገቱን አሰገገ። ይህቺ ስንዝር የእሱ ናት! ማንም አላስተማረውም፣ እሱም ማንንም አላስተማረም።

«አንድ ጎበዝ ሾፌር ሲሠራ ዓመት ሙሉ ቀርጸን ነው ያሠለጠንነው» አለ ሻጩ በማይክሮፎን።

አምና ፎርክሊፍቱ ላይ ካሜራ ገጥመውለት ነበር። ለደኅንነትዎ ነው ብለውት፣ እሱ ሞኙ በየጠዋቱ የካሜራውን መስታወት ይወለውል ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

«ጋሼ፣ የጎደለው ነገር ካለ ይንገሩንና ይታረማል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ምንም ሳያፍር።

ነጂው ወደ ማሳያው ተጠጋ። አንዲት ጉድለት ካገኘ እንጀራው ተረፈ ማለት ነው። ዐይኑን ከማሽኑ ሳይነቅል ተከተለው። ጭነቱን ይዞ ወደ ጥጉ ሲጠጋ ልቡ ተስፋ አደረገች፤ የጥጉን ነገር ብረት ከየት ያውቀዋል?

ማሽኑ ታጠፈ። ጥጉ ላይ ማንም አልነበረም። ሁለቴ ክላክስ አደረገ።

ሚስቱ ከጎኑ ቆማ እጇን አነሳች። ከዚያ ያነሳችውን እጅ አየችና አፏን ያዘችበት።