«እኔን!» ከማለት በፊት

ፎቶው ሲነሣ ሥልጠናው አለቀ ተባለ። ድንቄም ሥልጠና!

ባነሩ ገና ግድግዳው ላይ ነው፤ «የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ሥልጠና» ይላል በትልልቁ። የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ አዲስ ጓንት አጥልቆ፣ ከሥሩ ተኮልኩሎ፣ ፈገግ በሉ ሲባል ፈገግ ብሎ ተነሥቷል። ለተቆጣጣሪዎቹ የሚላከው ይኸው ነው። አሠልጣኟ ሊሊ ከሰላምታ አልፋ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንኳ አልተናገረችም።

«በሉ እንግዲህ ተነሡ! የሰርግ ዳቦ ይጠብቀናል» አሉ ባለቤቱ ጋሽ መብራህቱ እያጨበጨቡ። «ሊሊዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ። የቀረውን ሌላ ቀን መጥተሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ሌላ ቀን! በዚህ ቤት ሌላ ቀን የሚባለው ቀን መጥቶ አያውቅም። አልጋነሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። የዱቄት ጆንያው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

ነገሩ የአምናው ነው። ገነነ የሚሉት አቡኪ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ማቡኪያ ማሽኑን ሲነካ ኮረንቲ ያዘው። መጮህ እንኳ አልቻለም፤ መንቀጥቀጥ ብቻ። ከአልጋነሽ ጎን ቆማ ሊጥ የምታድቦለብለው እንቁ ከጠረጴዛው ማዶ አየችው። «እኔን!» አለች። ታዲያ ምን ትበል? ሕፃን ሲያደናቅፈው እኔን ነው፤ የማያውቁት ሰው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሲያንሸራትተው እኔን ነው። አፍ እንዲህ ሲል እጅ አብሮ ይሄዳል፣ ማን ያስቆመዋል? የእንቁም እጅ አብሮ ሄደ። ሮጣ ገነነን አቀፈችው። ገነነ ተስፈንጥሮ ወደቀና ተረፈ። እንቁ አልተረፈችም።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ሰው «እኔን እንዳለች ሄደች! ምን ዓይነት ሴት ናት!» እያለ ሲያደንቅ የአልጋነሽ አንጀት እርር ድብን አለ። ጋሽ መብራህቱ ክፉ ሰው አይደሉም፣ እውነቱ ይነገር። ለቅሶውን እንደ ዘመድ ተቀምጠዋል፤ ፎቶዋንም አሳድገው ከባንኮኒው በላይ ሰቅለውታል። ሽቦው ተቀየረ፣ ወለሉ ተጠረገ፣ ዳቦው ቀጠለ። ኮረንቲ የያዘው ሰው ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ግን ለአንድ ሰው አልተነገረም። ለአንድም! አልጋነሽ ዓመቱን ሙሉ «አስተምሩን» እያለች ስትጨቀጭቅ «ይደረጋል» ስትባል ከረመች። ይኸው ተደረገ፤ ፎቶ ተነሣች።

«አንቺ፣ ምን ይጎልትሻል?» አሉ ጋሽ መብራህቱ።

«ሥልጠናው አላለቀም፣ ጋሼ።»

«ፎቶ ተነሣን እኮ!»

«ፎቶማ እንቁም አላት። ያውልዎት፣ ባንኮኒው ላይ ተሰቅሏል።»

ባነሩን ልትጠቀልል የነበረችው ሊሊ እጇ ባለበት ቀረ። የጋሽ መብራህቱ ፊት ቀላ።

«የእሷን ስም እዚህ ውስጥ አታግቢ! እንቁ ጀግና ናት!»

«አይደለችም!» አለች አልጋነሽ። «ያልነገሯት ሰው ናት! ልጆቿን ለማሳደግ ነበር እዚህ የምትመጣው። ጀግና ሁኚልን ብሎ ማን ጠየቃት? ጀግና ስትሉ እኮ ቀሪዎቻችንም ተራ እንድንጠብቅ ነው።»

«በቃ! አሁን ተነሥቶ ሥራው ላይ ያልቆመ ነገ እንዳይመጣ። ሰምታችኋል!»

ሰምተዋል። አንድ በአንድ ተነሡ፤ ማቡኪያ ማሽኑም መጮህ ጀመረ። አልጋነሽ ሁለት ልጆች አሏት፤ ባል የላትም፤ ዶሮ ማነቂያ ያለችው አንድ ክፍል ቤቷም የኪራይ ናት። ይህን እንጀራ ብታጣ ነገ የማንን በር እንደምታንኳኳ አታውቅም። ቢሆንም ተነሣች፤ ጋሽ መብራህቱ «እንዲህ ነው እንጂ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ አልፋቸው ሄዳ የማቡኪያውን ማጥፊያ ግድግዳው ላይ ቀጭ አደረገችው። ማሽኑ ጸጥ አለ።

«ነገ አትምጪ ካሉ አልመጣም» አለች። «ዛሬ ግን ሳልማር ከዚህ አልወጣም። የሰርግ ዳቦ የፈለገ ራሱ ያቡካ!»

ተመልሳ ጆንያው ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ አጠገቧ የመጣው ገነነ ነው። ከአደጋው ወዲህ ድምፁ ያልተሰማው ገነነ መጥቶ ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ ሌላው ምን ዓይን አለው? ሁሉም ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቆዩ ብቻ!» አሉ ጋሽ መብራህቱ። ባለሰርጉ ከፊት ለፊት ሲጣራ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ወደ ባንኮኒው ወጡ። «ተመልሼ አሳያችኋለሁ!»

ሊሊ ዓይኗ ይቁለጨለጫል።

«ምን ታይኛለሽ?» አለቻት አልጋነሽ። «ለአንቺ ስል አይደለም እንጀራዬን ያስያዝኩት። አስተምሪን!»

ልጅቷ ባነሩን መሬት ላይ ጣለችና ወደ ጠፋው ማሽን ሄዳ ጎኑን ያዘች። «ኮረንቲ ያዘኝ» አለችና መንቀጥቀጥ ጀመረች። ደግሞ ስትችልበት! ጥርሷ ተገጣጠመ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተቀለሰ።

«እኔን!»

ከማን አፍ እንደወጣ አልጋነሽ ያወቀችው የልጅቷን ክንድ ግጥም አድርጋ ይዛ ራሷን ስታገኘው ነው።

ሊሊ መንቀጥቀጧን አቆመች። «ሞተዋል፣ እትዬ አልጋነሽ» አለቻት ቀስ ብላ።

አልጋነሽ እጇን አየችው። ማሽኑን በገዛ እጇ አጥፍታ፣ መጥፋቱን እያወቀች፣ እጇ ግን ሄደ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በእንቁም ተናድዳ ነበር ለካ፤ ምነው ትንሽ ብታስብ ኖሮ እያለች።

«እኔን ይበሉ፤ ማን ከለከለዎት» አለች ሊሊ። «እጅዎ ግን ወደ ሰውየው አይሂድ፤ ወደ ማጥፊያው ይሂድ። እሱ ካልተደረሰበት ቆጣሪው ላይ ይጥፋ። ኃይሉ ሳይቋረጥ ሰውየውን መንካት የለም። ወንድምዎ ቢሆን እንኳ የለም!»

«ድገሚው» አለች አልጋነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ደገመችው። ገነነ «እኔን!» ብሎ ብድግ አለና እጁ አየር ላይ ወዲህ ወዲያ ካለ በኋላ ማጥፊያውን መታው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሌላው ቀጠለ፤ አንዱ ተሳሳተና ሞተ፣ አንዷ አዳነች።

ሊሊ እንደገና ስትንቀጠቀጥ ጋሽ መብራህቱ ስድባቸውን አዘጋጅተው በሩን በርግደው ገቡ። ያዩት ማሽኑ ላይ ተጣብቃ የምትርገፈገፍ ልጅ ነው።

«ወይለይ! እኔን!»

ስልካቸውን ወርውረው፣ ጠረጴዛውን ገፍትረው ሮጡና በሁለት እጃቸው አንገቷን አቀፏት።

ሊሊ ቀጥ አለች። ማንም አልሳቀም።

«ሞተዋል፣ ጋሼ» አለች አልጋነሽ።

ጋሽ መብራህቱ ልጅቷን እንደያዙ መጀመሪያ ማሽኑን አዩ፣ ቀጥሎ ሠራተኞቻቸውን። ያን ቀን እሳቸው እዚህ አልነበሩም፤ የሰሙት በወሬ ነው። እጃቸው ልጅቷን ለመልቀቅ ጊዜ ፈጀበት።

«እንቁ... እንዲህ ነው ያደረገችው?»

«ልክ እንዲህ።»

«ኧረ ማሰቢያ ጊዜ የለውም እኮ!»

«የለውም» አለች አልጋነሽ። «እሷም አላገኘችም። እኛ ግን አሁን ጊዜ አለን። ይቀመጡ።»

አልለመነቻቸውም፤ አዘዘቻቸው። ጋሽ መብራህቱ ዙሪያቸውን ዞረው አዩና ከገነነ አጠገብ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

«ጋሽ መብራህቱ!» አለ ባለሰርጉ ከውጭ። «ኧረ ዳቦው እንዴት ሆነ?»

«ይጠብቁ!» ብለው ጮኹ ጋሽ መብራህቱ። «ገና አልተማርንም!»