ከወንበሩ በስተጀርባ ያለው ሞላ

ጧ!

ጉሙ ውስጥ ጅራፍ ጮኸ። ካሣነሽ ሰውየውን ከማየቷ በፊት ጅራፉን አወቀችው፤ በዚያ አገር አንዴ ብቻ አስጩኾ ዝም የሚል መልካሙ ነው። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ «ና ቦራ! አንተ ሰነፍ!» ሰውየውም በሬዎቹም ግን ገና አልታዩም።

«ጋሼ መልካሙ መጡ» አለ ላቀው ከትራክተሩ ሥር።

«ሰምቻለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ።»

መልካሙ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ዳኛቸው ካረፈ ወዲህ መሬቷን በእኩል የሚያርሰው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምርት ሲካፈሉም አይሰስትም። ቢሆንም የገብሱ እኩሌታ ወደ እሱ ጎተራ ሲገባ፣ የቀረው ክረምቱን አያሻግራትም። እሷ እንዳታርስ ደግሞ ሴት እርፍ አትጨብጥም። ይህን ማን እንደ ደነገገ ባታውቅም፣ እንደ እናቷ ሁሉ ከአራሽ ኋላ ጓል ስትከሰክስ ኖራለች።

እርፍ የሌለው ማረሻ ግን ጓሮዋ ውስጥ ቆሞ ነበር። ዳኛቸው ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወዲያ ከፈረሰ አንድ የእርሻ ድርጅት ያመጣው፣ ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ ቀይ ትራክተር። በደጉ ጊዜ መንዳቱን እየሳቀ አስተምሯታል። እሱ ሲሞት ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ዶሮ ሰፈረበት።

በዚህ በጋ የጎረቤቷ ልጅ ላቀው ትራክተሩን ወደደው። ላቀው አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት የተቀመጠ፣ ሲያናግሩት እንኳ ግማሽ ሐሳቡ ሌላ አገር የሚሄድ ልጅ ነው። ሞተሩ በጥቂት ድካም ተነሣ። ከኋላ ማረሻውን የሚሸከሙት ሁለት የብረት ክንዶች ግን እንደ ሽባ ተንጠልጥለው ቀሩ። ኋላ ላይ ላቀው ፓምፑ ከዘይት ይልቅ አየር እየጠጣ መሆኑን ደረሰበት። ፓምፑ የሚቀዳበት ካምቢዮ ዘይት ሲጠግብ ክንዶቹ ያን ሁሉ ብረት እንደ ሕፃን ብድግ አደረጉት። ካሣነሽ እልል አለች።

መልካሙ ይህን ሰምቶ፣ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! እንግዲያው የላይኛውን ማሳ ከዳር ዳር ካረስሽው ዘንድሮ እኔ የለሁበትም። ካልሆነልሽ ግን ዝናቡ ሳያልፍብን እጠምዳለሁ» አላት። ተስማሙ። ይኸው ዛሬ ጥማዱን ይዞ መጣ።

ጉሙ ተገለጠ። መልካሙ በሬዎቹን ማሳው ዳር አቁሞ ወደ ትራክተሩ ቀረበና ከወንበሩ ኋላ በእጁ ዳሰሰ። እዚያ፣ ከማረሻው አናት የሚመጣው ዘንግ ከሚያርፍበት ቦታ፣ አንድ ወፍራም ሞላ አለ። ትናንት ሲንገጫገጭ አይቶ የወይራ ሽብልቅ ጠርቦ በመዶሻ ግጥም አድርጎለታል።

«እንዴት ነው ሽብልቄ? የላላ ማረሻ ለጠላቴም አልመኝም።»

«ጎሽ፣ እግዜር ይስጥህ» አለች ካሣነሽ። ላቀውም ራሱን ነቀነቀ። ሞላው ለምን እንደ ተሠራ ሦስቱም አያውቁም ነበር።

ወጥታ ተቀመጠች። ሞተሩን አስነሥታ ክንዶቹን የሚያወርደውን እጀታ ወደ ታች ገፋች፤ ማረሻው መሬት ገባ። ጥቂት እንደ ሄደች የማሳው ወገብ ላይ ያለው ጭንጫ ጀመረ። እዚያ ሲደርስ ማረሻው ይባስ ጠለቀ፤ ሞተሩ አቃሰተ፤ ጎማዎቹ ባሉበት ዞረው ጭቃ ረጩ፤ ከዚያ ጸጥ። ደግማ አስነሣች። እዚያው ጭንጫ ላይ ደግሞ ጸጥ።

«አይዞሽ» አለ መልካሙ፣ ፈገግታውን በጋቢው ጫፍ እየሸፈነ። «በሬም ይለግማል። ይኼ ግን ሲለግም ጅራፍ አይሰማም።»

ቦራንና ጓደኛውን ከአጠገቧ አስገብቶ ትልም ጀመረ።

ካሣነሽ ከወንበሩ አልወረደችም። ልቧ ተሰብሮ፣ ዓይኗ ግን እንደ ልማዱ አራሹን ተከተለ። መልካሙ ለስላሳው ላይ እርፉን ተጫነ። ጭንጫው ጋ ሲደርስ ክንዱ ሳይታወቅ ላላ፤ ማረሻው ጥቂት ቀና አለ፤ በሬዎቹም ሳይቆሙ አለፉ። ካለፉ በኋላ እጁ ተመልሶ ከበደ።

«መልካሙ! አሁን ምን አደረግህ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ጭንጫው ላይ። እጅህ።»

«እርፉን ቀለል አደረግኋ! በሬዬን ልግደል እንዴ? መሬት ሲጠና መላላት ነው፣ ሲለሰልስ መጫን። አሁን ይህም ይጠየቃል?»

ካሣነሽ ዞራ ሞላውን አየች። ሽብልቁ በጥምዝሞቹ መሀል ተወትፎ የሚጨመቅበት ትንፋሽ አላስተረፈለትም።

«ላቀው፣ የዚህ ማረሻ እጁ የት ነው?»

ላቀው ጎንበስ ብሎ ዘንጉን እስከ ሞላው ድረስ በጣቱ ተከተለ። ከዚያ ከሄደበት አገር ሁሉ ባንዴ የተመለሰ መሰለ። «መሬቱ ሲጠና ማረሻው ይንጋደድና ዘንጉን ወደ ፊት ይገፋል … ዘንጉ ሞላውን ይጫናል … እትዬ ካሣ! ሞላው ሲጫን ለዘይቱ በር ይከፍታል ማለት ነው! ዘይቱ ክንዶቹን ትንሽ ያነሣል! ሲለሰልስ ሞላው ይመለሳል፣ ይወርዳሉ! እኛ እኮ እጁን አስረነዋል!»

«አስረነዋል አትበል» አለች ወደ መልካሙ እያየች። «አጥብቆ ያሰረልንስ ሌላ ነው።»

«እኔ ለደግ ብዬ ነው!» አለ መልካሙ።

«ለደግ ነው እንጂ። መዶሻህን አቀብለኝ።»

አቀበላት። ሽብልቁ በሁለት ምት ተፈናጥሮ ወጣ። ሞላው ቀጭ ብሎ ተላቀቀ፤ ዘንጉም እንደ ትናንቱ ተንገጫገጨ። ካሣነሽ በዚህ መንገጫገጭ ደስ አላት።

«ልሞክር?»

«ማን ከለከለሽ» አለ መልካሙ፤ በሬዎቹን አቆመ።

እጀታውን ቀስ እያለች አወረደች። ማረሻው ገባ። ጭንጫው ሲመጣ ጥርሷን ነከሰች። ከኋላዋ አንድ ነገር እፎይ ያለ መሰላት፤ ክንዶቹ ሲሶ ጣት ያህል ከፍ አሉ፤ ሞተሩ ድምፁን ሳይለውጥ አለፈ፤ ክንዶቹም ተመልሰው ወረዱ። ጥቁሩ አፈር እየተገለበጠ ተከተላት። ዳር ደረሰች። እጀታውን ሳበች፤ ማረሻው ከመሬት ወጣ። ዞረች። ተመለሰች። ላቀው ከጎኗ ሲሮጥ የሚለውን አልሰማችውም።

ሁለተኛውን ትልም ጨርሳ ሞተሩን ስታጠፋ፣ መልካሙ እሷ ባወጣችው ትልም ውስጥ እየተራመደ ነበር። ጭንጫው ላይ ሲደርስ ተቀመጠና እጁን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ከተተ። ተነሥቶ እጁን ጋቢው ላይ ጠረገ፤ ነጭ ጋቢ ነበር።

«እህስ፣ ወንድምዓለም?» አለች ካሣነሽ። «ምን ትላለህ?»

አያት። «እንዳልነው ነው፤ ዘንድሮ እኔ የለሁበትም» አለ። በሬዎቹ እንደ ተጠመዱ ያመነዥካሉ። በአጠገባቸው አልፎ ወደ ወገዳ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ያዘ፤ ቤቱ በዚያ በኩል አይደለም፤ ቀኑም የገበያ ቀን አልነበረም፤ የሚያርሰው ማሳ ያጣ ሰው እግሩ የወሰደው መንገድ ብቻ ነው።

«መልካሙ! በሬዎችህስ?»

ሳይዞር፣ ሳይቸኩል፣ ዳገቱን ወጣ።